አሳው ስንት ክንድ ነበር? ስለ አሳ፣ ስለ ትዳርና ሐይቅ ዳር ስለመገናኘት

እንደምን አመሻችሁ! እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ባልና ሚስት ሆናችሁ የመጣችሁ ደግሞ በተለይ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ምክንያቱም ዛሬ የማወራው በአብዛኛው ስለናንተ ነው። ያላገባችሁም አትጨነቁ፣ ወደናንተም እመጣለሁ።

እንግዲህ ሀዋሳ ውስጥ ጨዋታ የሚደራው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ አሞራ ገደል፣ አሳ ገበያው ጋ፣ ጠዋት ጠዋት። ሌላው ፍቅር ሐይቅ ነው፣ አመሻሽ ላይ ሰው የሚንሸራሸርበት። ጠዋት ስለ አሳ ይወራል፣ ማታ ስለ ፍቅር ይወራል፣ ሁለቱም ጋ ወሬው ትንሽ ትንሽ ይጋነናል፣ እና እኔ ብዙ ዓመት ሁለቱንም ቦታ ተቀምጬ ስሰማ የታዘብኩት ነገር ቢኖር ጥሩ ትዳር ያላቸው ሰዎች አብረው የሚያጋንኑ ሰዎች መሆናቸውን ነው። ዛሬ የመጣሁት ይሄን ላስረዳችሁ ነው።

ከአሳው ልጀምር። እኛ ሀገር ሰው የአሳ ርዝመት እንዴት እንደሚያሳይ ታውቃላችሁ አይደል፣ አንድ እጁን ይዘረጋና በሌላው እጁ ክንዱ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ «ይሄን ታክላለች» ይላል። ይሄ አለካክ ለወሬ በጣም ይመቻል፣ ምክንያቱም እጅ ክንድ ላይ ይንሸራተታል። እና አንድ አስጋሪ ነበር ይባላል፣ ጠዋት የያዛትን ቆሮሶ፣ ቲላፒያ የሚሏትን አሳ፣ ጀልባው ጋ ሲያሳይ እጁ አንጓው አካባቢ ነበር፣ ምሳ ሰአት ላይ ወሬውን ሲደግመው ክንዱ መሀል ደረሰ፣ ከሰአት በኋላ ባጃጅ ውስጥ ለሹፌሩ ሲነግረው ክርኑን ነካ፣ ማታ ቤት ሲገባ ሚስቱ ቡና እያፈላች ነው፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቧል፣ ወሬውን እንደገና ጀመረው፣ እጁ ክርኑን አልፎ ወደ ትከሻው መውጣት ጀመረ። ሚስትየዋ ቀና ሳትል ከሰሉን እያስተካከለች «ኧረ ቀስ በል፣ ትከሻህ ላይ ከደረሰች እኮ መጥበሻችን ውስጥ አትገባም» አለችው። ሰውየው ትንሽ አሰበና እጁን ወደ ክርኑ መለሰው፣ «ማለቴ ጭንቅላቷ ሳይቆረጥ» አለ።

እኔ ይቺን ጨዋታ በጣም ነው የምወዳት። ሴትየዋ ውሸታም አላለችውም፣ ሰው ፊት አላሳፈረችውም፣ ግን ዝም ብላም አልተወችውም፣ መጥበሻውን አስታወሰችው። እሱም አልተቆጣም፣ እጁን ወደ ታች አወረደ፣ ግን አንጓው ድረስ አላወረደም፣ ክርኑ ላይ ነው ያቆመው። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ተዉ፣ ጎረቤቱም ሳቀ፣ ቡናውም ተጠጣ። ትዳር ውስጥ ብዙ ነገር እዚች ክርን ላይ ነው የሚፈታው።

ደግሞ የሚገርማችሁ መረቡ ራሱ ምስክር ነው። የሀዋሳ አስጋሪ መረቡን አመሻሽ ላይ ይጥልና ጎህ ሲቀድ ነው የሚያወጣው። መረቡ አሳውን አያሳድደውም፣ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው የሚጠብቀው፣ አሳው ራሱ ሲዋኝ ጭንቅላቱን ያስገባና ስንጥቡ ላይ ሲደርስ ይያዛል፣ ወደፊትም ወደኋላም የለም። ትንሿ አሳ በቀዳዳው ታልፋለች፣ በጣም ትልቁ ደግሞ ጭንቅላቱ አይገባለትም። ስለዚህ በአንድ መረብ የሚያዘው አሳ አብዛኛው ተመሳሳይ መጠን ነው ያለው። የአስጋሪ ሚስት ይሄን ታውቃለች፣ ሰፈሩ ግን አያውቅም፣ እና ባልየው ትከሻው ድረስ ሲወጣ መጥበሻውን የምታስታውሰው ለዚህ ነው። አምባዛ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፣ አምባዛ በመንጠቆም ይያዛል፣ እውነትም ክንድ የሚያክል ይወጣል፣ ስለዚህ ባላችሁ «አምባዛ ነው» ካላችሁ ትንሽ እመኑት።

አሞራ ገደል ጠዋት ሄዳችሁ የማታውቁ ካላችሁ ነገ ሂዱ። ልጆቹ ቆሮሶውን ፊሌቶ ሲያወጡ ፍጥነታቸው ለጉድ ነው፣ አጥንቱ በአንድ በኩል ስጋው በአንድ በኩል፣ እዛው ጥሬውን በዳጣ የሚበላው አለ፣ የሚያስጠብሰው አለ፣ ሾርባ የሚጠጣው አለ፣ ከጎን ደግሞ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዛ ትልልቅ ወፎች፣ ትራፊ ሊለቅሙ ተሰልፈው ቆመዋል። አንዴ እዛ ከጎኔ የቆሙ ባልና ሚስት ሲያወሩ ሰማሁ፣ ሚስትየዋ አንዱን አባ ኮዳ እያሳየችው «እየው ይሄን፣ ከመጣን ጀምሮ እኮ ከቆመበት አልተነቃነቀም» ትለዋለች። ባልየው «ምን ያድርግ፣ አሳ ሳትይዝ እንዳትመጣ ተብሎ ነው» አላት። እሷ ምን ብትለው ጥሩ ነው፣ «እሱስ ይዞ ይገባል»። ሰውየው በእጁ ምንም አልያዘም ነበር፣ ሳቀና ሄዶ ገዛ። በቃ ይሄ ነው፣ አንዱ ይጀምራል ሌላው ይጨርሳል፣ የሚጎዳ ሰው የለም፣ ለምሳም አሳ ተገኘ።

አሁን ስለ ቆሮሶ ትዳር ላውራችሁ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም ሳይንሱ ነው። ወንዱ ቆሮሶ ዳር ዳር ውሃው ጥልቅ ያልሆነበት ቦታ ይሄድና አሸዋው ላይ ክብ ጉድጓድ ይሰራል፣ ያጸዳዋል፣ ሌላ ወንድ እንዳይጠጋ ይጠብቀዋል። ሴቷ ትመጣለች፣ ቦታውን ታያለች፣ ደስ ካላት እንቁላሏን እዛ ትጥላለች። ከዛ ወዲያው እንቁላሎቹን ለቅማ አፏ ውስጥ ትይዛቸዋለች፣ በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው፣ እዛው አፏ ውስጥ ነው የሚፈለፈሉት። ይሄ ከሳምንት በላይ ይፈጃል፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ እሷ በደንብ አትበላም፣ ልጆቹ መዋኘት ከጀመሩ በኋላም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ወንዱስ? ወንዱ ጉድጓዱ ጋ ይቀርና ሌላ ሴት ይጠብቃል።

እና ይሄን አንድ የግብርና ባለሙያ ለአስጋሪዎች ሲያስረዳ ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው ይሰማሉ አሉ። ባለሙያው «ሴቷ ከሳምንት በላይ አፏን ዘግታ ትቆያለች» ሲል ባልየው ሚስቱን በክርኑ ጎሸም አደረጋትና «ሰማሽ?» አላት። «ሰማሁ» አለች፣ «ባልየው መጀመሪያ ቤት ሰርቶ ነው እኮ ያመጣት፣ አንተ ኪራይ ቤት ነው ያስገባኸኝ»። ሰውየው ዝም። ባለሙያው ቀጠለና «ወንዱ ከዛ በኋላ ትቷት ሌላ ይፈልጋል» ሲል ሚስትየዋ ትንሽ አሰበችና የባሏን እጅ ያዝ አድርጋ «ኪራዩ ይሻላል» አለችው።

እህ፣ የሳቃችሁት ኪራይ የምትከፍሉ ናችሁ መሰለኝ!

ሌላም አለ። ቆሮሶ ዓመቱን ሙሉ ይራባል፣ ሀዋሳ ሐይቅ ላይ ግን ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ በጣም ይበረታል። ጥር ላይ እንግዲህ እኛም እናውቃለን ምን እንደሚሆን፣ መንገዱ ሁሉ የሙሽራ መኪና ነው፣ ክላክሱ፣ እልልታው፣ ሐይቁ ዳር ቬሎ የለበሰች ሙሽራ በየድንጋዩ ላይ ቆማ ፎቶ ትነሳለች፣ ፎቶግራፈሩ «ትንሽ ወደ ውሃው ጠጋ በሉ» ይላል፣ ሚዜዎቹ ጫማቸው በጭቃ ተበላሽቷል። ላይ ሰው ይጋባል፣ ታች አሳው ይጋባል። እኔ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል፣ ግን ደግሞ አንድ ነገር ያሳስበኛል፣ ትንሽ ኮስተር ልበልና ልናገረው። ቆሮሶ የሚራባው ዳር ላይ ነው፣ ቄጤማውና ሳሩ ባለበት፣ ያንን ዳርቻ ስንቆርጠው ስንደለድለው አሳው የሚጋባበት አዳራሽ ነው እያፈረስን ያለነው። በጣም ጠባብ ቀዳዳ ያለው መረብም ያልደረሰውን ጫጩት ሁሉ ይዞ ይወጣል፣ ልጆቿን አፏ ውስጥ የያዘች እናት ስትያዝ ደግሞ ልጆቹም አብረው ያልቃሉ። ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ አለ፣ የአሳ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ነው የወጣው። የድሮ ሰዎች አንጓ ላይ ከሚጀምር አሳ ነበር ወሬያቸውን የሚጀምሩት፣ አሁን አንዳንዱ ቀን ከመዳፍ ነው የሚጀመረው። ደግሞ ይሄ ሐይቅ ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ ከሱ የሚወጣ ወንዝ የለም፣ የወረወርነው የውሃ ላስቲክ ወደ ሌላ ሀገር አይሄድልንም፣ እዚሁ ነው። ፍቅር ሐይቅ ስትሄዱ ላስቲካችሁን ይዛችሁ ተመለሱ፣ አደራ።

እሺ ወደ ሳቁ ልመለስ። የአሳ ወቅትና የሰርግ ወቅት ሌላም ቦታ ይገናኛሉ። ሁዳዴ ሲገባ አሳ ይፈለጋል፣ አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየቤቱ አለ እሱን ለአባቶች ልተወው፣ ግን ገበያው ሲደራ እናያለን፣ ዋጋውም ይወጣል። የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ደግሞ በጾም አይጋባም። ስለዚህ ወጣቱ አስጋሪ ሁዳዴን ሙሉ ሲሰራ ይከርምና ከፋሲካ በኋላ ይደግሳል፣ ብዙ ሰርግ በዚህ መንገድ ነው የተደገሰው። አንዱ አስጋሪ ሽማግሌ ልኮ የልጅቷ አባት ሽማግሌዎቹን «ልጁ ምን ይሰራል?» ብለው ጠየቁ። «አሳ ያሰግራል»። «ደህና፣ ስንት ይይዛል?» ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ክርናቸው ላይ ምልክት አደረጉ። አባትየው «በቀን ስንት ይይዛል ነው ያልኩት እንጂ ርዝመቱን አይደለም» አሉ። ሌላኛው ሽማግሌ ጣልቃ ገብተው «ቁጥሩን ልጁ ራሱ ይንገርዎት፣ እኛ ስለሱ መዋሸት አልቻልንም» አሉ። ልጅቷን ሰጡት ይባላል፣ ምክንያቱም ሐቀኛ ሽማግሌ የላከ ሰው ራሱም ሐቀኛ ነው ብለው።

እንግዲህ አሳና ትዳር ተረታችን ውስጥም ጎን ለጎን ናቸው። «አሳ ግማቱ ከአናቱ» እንላለን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ ነው የሚል ነገር ነበረው፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ያንን አስቀርቶ ባልና ሚስትን እኩል አድርጓቸዋል። ሕጉ ሳይሻሻል በፊት ግን አንዲት ሴት በራሷ አሻሽላው ነበር አሉ። ባሏ ተቆጥቶ «የዚህ ቤት ራስ እኔ ነኝ!» ሲላት፣ አሳ እያጸዳች ነበር፣ ቢላዋዋን አስቀምጣ «አውቃለሁ፣ አሳም ሲገማ ከዛ ነው የሚጀምረው» አለችው። ሰውየው ሽቶ ሊገዛ ወጣ ይባላል።

«አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለው ደግሞ ለዘንድሮ የተተረተ ነው የሚመስለው፣ በስልክ ምክንያት። ሚስት «እስቲ ስልክህን ስጠኝ» ትላለች። ባል «ተይ፣ አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል»። ሚስት ምን አለች፣ «አሀ፣ ዘንዶ አለ ማለት ነው!» ከዛ በኋላ ሰውየው እስኪነጋ ዘንዶ እንደሌለ ሲያስረዳ አደረ፣ ስልኩንም ሰጣት፣ የተገኘው ነገር የእናቱ ሚስኮልና የእቁብ ግሩፕ ብቻ ነበር። ጠዋት ላይ ሚስትየዋ «ዘንዶ ባይኖርም ለእናትህ አለመደወልህ ግን ተገኘ» ብላ ቁጭ አድርጋ አስደወለችው። ይሄንንም ጨዋታ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም መጨረሻው ላይ አማት ናት የተጠቀመችው።

አሁን ታዝባችሁ ከሆነ እስካሁን በነገርኳችሁ የባልና ሚስት ጨዋታ ሁሉ ሴትየዋ መልስ አላት። ሆን ብዬ ነው የመረጥኳቸው። አለቃ ገብረ ሐናን ሁላችንም ስማቸው ሲነሳ እንስቃለን፣ ግን በአለቃ ስም ከሚወራው ጨዋታ ባለቤታቸው ወይዘሮ ማዘንጊያን አውጥታችሁ እዩት፣ ግማሹ ጣዕሙ ይሄዳል። አለቃ የሚናገሩት የሚሰማቸው ሰው ቤታቸው ውስጥ ስላለ ነው። ዛሬ ቲክቶክ ላይ የምናየው የትዳር ቀልድ ግን በአብዛኛው አንድ ሰው ብቻውን ካሜራ ፊት ቆሞ ስለሌለች ሚስት የሚያማበት ነው፣ ሚስት ጨቅጫቃ፣ ባል ኤቲኤም፣ አማት ሰይጣን፣ በቃ። እኔ ይሄ ያሳዝነኛል፣ ከልቤ ነው የምላችሁ። ልጆች ስልክ ላይ ሆነው የሚያዩት ትዳር እሱ ነው፣ ከዛ «ማግባት ምን ያደርጋል» ይላሉ። ለቀልድ የኔ መለኪያ ቀላል ነው፣ ያቺ ሴት ከጎንህ ብትቀመጥ ትስቃለች ወይ? ከሳቀች ንገረው፣ ካልሳቀች ሌላ ፈልግ። እሷም ስለ እሱ ስታወራ እንደዛው።

ደግሞ «ትዳር እንደ አሳ ማጥመድ ነው» የሚል ሰው ሁሌ አለ፣ መንጠቆ ጣል፣ ታገስ፣ ስትነክስ ሳብ ምናምን። ይሄንን ወጣት ወንዶች ሲነጋገሩ እሰማለሁ፣ እና በጣም ነው የምቃወመው። አሳ እኮ መውጣት አልፈለገም! አሳ ተይዞ ደስ ብሎት አያውቅም። ሐይቅ ዳር ተገናኝተው ተጋብተው ዛሬ ድረስ አብረው ያሉ የማውቃቸውን ሰዎች አንዳቸውን ብትጠይቁ ሲገናኙ ማናቸውም እያደኑ አልነበሩም። አንዱ ሸንኮራ እየበላ ነበር፣ አንዷ ጫማዋ ተበጥሶባት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፣ አንዱ ፎቶ የሚያነሳው ሰው ፈልጎ «ይቅርታ ታነሺኛለሽ?» ብሎ ነበር፣ ፎቶው ላይ ጭንቅላቱ ተቆርጧል፣ ያንን ለማስተካከል ነው በማግስቱ የተገናኙት። እህል ውሃ ሲኖር በዚህ መንገድ ነው የሚመጣው።

ፓርክና ሐይቅ ዳር የምወድበት ምክንያት ይሄ ነው። ሌላ ቦታ የምናገኘውን ሰው አስቀድመን እናውቀዋለን፣ ቢሮ የቢሮ ሰው ነው፣ ሰርግ ላይ የዘመድ ዘመድ ነው፣ ስልክ ላይ ደግሞ ሰው ፎቶውን አሳምሮ ነው የሚመጣው። አግዳሚ ወንበር ላይ ግን ማን ከጎናችሁ እንደሚቀመጥ አታውቁም። ፍቅር ሐይቅ ጀበና ቡና ከሚሸጡት እናቶች ጎን ተማሪው አለ፣ ጡረተኛው አለ፣ ከአዲስ አበባ ለስብሰባ መጥቶ ካራቫቱን ኪሱ የከተተው አለ፣ ቆሎ ይዞ የሚዞረው ልጅ አለ። ሰው እዛ ሲደርስ ቀስ ይላል፣ ቀስ ያለ ሰው ደግሞ ሰላም ይላል። አዲስ አበባም አንድነት ፓርክ በ2012፣ እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ሲከፈቱ ደስ ብሎኛል፣ ሄጄም አይቻለሁ ያምራሉ፣ ግን እኔን ብትጠይቁኝ ሰው በአጋጣሚ የሚገናኘው ይበልጥ በር በሌለው ቦታ ነው። መግቢያ ከፍለህ የምትገባበት ቦታ ከሰው ጋር ተቀጣጥረህ ነው የምትሄደው፣ ከስራ ወደ ቤት ስታቋርጥ አታልፍበትም። ከተሞቻችን አሁን ዳርቻቸውን እያሳመሩ ስለሆነ እባካችሁ ወንበር አብዙ፣ ነጻ ወንበር፣ ጥላ ያለው። ለሁለት ሰው የሚሆን ሳይሆን ለሶስት፣ ምክንያቱም ለሁለት ከሆነ የማያውቅ ሰው መሀል ላይ ቦርሳ አስቀምጦ ለመቀመጥ ያፍራል።

ግን አንድ ነገር፣ ወንዶች ስሙኝ። አጋጣሚ ሌላ ነው ለከፋ ሌላ ነው። መንገድ ላይ «የኔ ቆንጆ» እያሉ መከተል፣ መልስ ካልሰጠች መሳደብ፣ ይሄ ሴቶቻችንን ከሐይቁ ዳር እያባረረ ነው። እህቶቻችሁን ጠይቁ፣ ሲመሽ ለምን ፈጥነው እንደሚራመዱ ይነግሯችኋል። ሴት ልጅ ተዝናንታ ብቻዋን የማትቀመጥበት ፓርክ ውስጥ ምንም አይነት ጥሩ አጋጣሚ አይፈጠርም። ሰላም በል፣ ፊቷን እይ፣ መጽሐፏን መልሳ ካየች መልካም ምሽት ብለህ ሂድ። አለቀ።

አሁን ቃል የገባሁላችሁን፣ ያላገባችሁትን የሚመለከት አንድ እውነተኛ ነገር ልንገራችሁ። ባለቤቶቹ ፈቅደውልኛል፣ ስማቸውን ግን አልናገርም። ልጅቷ ያኔ ተማሪ ናት፣ አሞራ ገደል ዛፎቹ ስር ተቀምጣ ታጠናለች፣ ከጎኗ በላስቲክ ሙዝ አስቀምጣለች። እዛ ጉሬዛውም ጦጣውም ሰው አይፈራም ታውቃላችሁ። ጦጣዋ ወርዳ ሙዙን ላፍ አድርጋ ስትሮጥ ላስቲኩ ውስጥ ለካ የልጅቷ የመኝታ ክፍል ቁልፍም ነበረ! ልጅቷ ጮኸች፣ አንድ ልጅ በዛ ሲያልፍ ጦጣዋን ተከትሎ ሮጠ። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ሁለት ነው።

ባል ሲያወራው፦ ጦጣዋ ትልቅ ነበረች፣ ትልቅ ስልህ ዝንጀሮ የምታክል፣ ዛፍ ላይ ወጣሁ፣ ቅርንጫፉ ተሰበረ፣ ተንጠልጥዬ ቁልፉን ተቀበልኳት። ሚስት ስታወራው፦ ጦጣዋ እንትን ናት፣ ትንሽዬ፣ ልጇን ያዘለች፣ እሱ ትንሽ እንደሮጠ ቆመና ትንፋሽ አጠረው፣ ጦጣዋ ሙዙን ልጣ በላችና ቁልፉን ከነላስቲኩ ራሷ ጣለችው፣ እሱ አንስቶ ሰጠኝ። እና ልጆቻቸው ሁለቱንም ነው የሚያውቁት። እንግዳ ሲመጣ «አባዬ ያንተን ንገር፣ ከዛ እማዬ የሷን» ይላሉ። አባትየው ዛፍ ላይ ሲወጣ እናትየው «ውረድ ውረድ፣ ልጆቹ ይወድቃል ብለው ይፈራሉ» ትለዋለች። እሱም ይወርዳል፣ «እሺ ቅርንጫፏ ዝቅ ያለች ነበረች» ይላል።

እኔ አንዴ ሚስትየዋን ለብቻዋ ጠየቅኳት፣ «ለምን ሁልጊዜ ትተይዋለሽ፣ አንድ ቀን እውነቱን አጥብቀሽ አትናገሪም?» አልኳት። ምን አለችኝ፣ «እውነቱ እኮ ተከትሎ መሮጡ ነው። እዛ የነበረው ሌላ ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጽ ነበር። እሱ ሮጧል፣ ከዛ በኋላ የፈለገውን ዛፍ ይውጣ።» እኔ ይሄን ስሰማ ዝም ነው ያልኩት፣ ምን ይባላል።

ይሄ ከተማ ደግሞ ለዚህ አይነት ነገር አዲስ አይደለም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ የማይዳሰስ የሰው ልጅ ቅርስ ብሎ ሲመዘግበው አብሮ የተመዘገበው ታሪክ የአንዲት ያገባች ሴት ታሪክ ነው። ፍቼ የተባለች ሴት ካገባች በኋላ በየዓመቱ አንዴ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ልትጠይቅ ትሄዳለች፣ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሰራ ቡሪሳሜ ይዛ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ከሷ ጋር ይበላል። በዓሉ በሷ ስም ቀረ። አስቡት እስቲ፣ አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ ኮከብ ቆጣሪዎች ኮከብና ጨረቃ አይተው ቀኑን ይወስናሉ፣ ሕዝቡ ሐይቁ አጠገብ ጉዱማሌ የሚባለው የበዓሉ ሜዳ ይወጣል፣ «አይዴ ጨምበላላ» ይባባላል፣ እና የዚህ ሁሉ መነሻ ያገባች ልጅ ምግብ ይዛ ቤተሰብ መጠየቋ ነው! ባል ታሪኩ ውስጥ ብዙም አይታይም፣ ግን እኔ ሳስበው ያንን ሁሉ ቅቤ የተሸከመላት ሰው መኖር አለበት ብዬ ነው የማምነው። ባሎች በዓል ሲደርስ ይሄን አስቡበት፣ ሚስቶቻችሁ ወላጆቻቸውን ሊጠይቁ ሲነሱ ቅቤውን ተሸከሙ፣ መንገድ ላይም ስለ ቅቤው ክብደት የፈለጋችሁትን ያህል አጋንኑ።

እንግዲህ የኔ ይሄው ነው፣ አሁን ማይኩ ወደናንተ ይሂድ። ከመግባቴ በፊት በር ላይ ከፊት ረድፍ የተቀመጡትን ጋሼና ባለቤታቸውን አነጋግሬያቸው ነበር፣ መናፈሻ ውስጥ ዝናብ ሲመጣ አንድ ዣንጥላ ስር ነው የተገናኘነው ብለውኛል። ዣንጥላው የማን ነበር ስላቸው ሁለቱም «የኔ» አሉ። አዎ፣ ማይኩን እዛ ጋ ስጥልኝ ወንድሜ… ጋሼ ቆይ ቆይ፣ እርስዎ ቀጥሎ ይናገራሉ፣ መጀመሪያ እማማ ይንገሩን።